ሲሞቅ የሚወልቅ ቀለበት

የላቦራቶሪ አለቃችንን ከጀርባው «ጋሽ ቀለበት» እንለዋለን። ዕድሜውን ሙሉ የሞለኪውል ቀለበት በሞለኪውል ዘንግ ላይ ሲያጠልቅ የኖረ ሰው ነው። ቀለበቱ አንዴ ከገባ ተመልሶ እንዳይወጣ የዘንጉ ሁለት ጫፎች በወፍራም ነገር ይደፈናሉ። ለዚህ የሚሆነው ፖርፊሪን ነው፤ ሰፊ፣ ሐምራዊ፣ ደማችንን የሚያቀላው ነገር የሥጋ ዘመድ። ሁለቱም ጫፍ ላይ ፖርፊሪን መሆን ነበረበት። ጋሽ ቀለበት ግን ሁለተኛውን መግጠም አቅቶት ሦስት ወር ከታገለ በኋላ «ይቺም ትበቃለች» ብሎ አንዲት ሚጢጢ መድፈኛ ለጠፈበት። በሩን በክር አስሮ ቆለፍኩ የሚል ሰው አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው።

«ፕሮፌሰር፣ ሲሞቅ አይወልቅም?» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ በሰላም የተቀመጠ ነገር ምን ትነካኪያለሽ? ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ አልኩሽ እኮ!»

ፍሪጅ ውስጥ ብቻ እውነት የሚሆን ግኝት! ሳቄን ዋጥኩት።

ምሳ ሲወጣ ጥቂት ጠብታ ወሰድኩና ስልሳ ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት አሞቅኩ። ከዚያ ድብልቅን ነጣጥሎ በሚያሳየው የሲሊካ ሳህን ላይ ሳየው፣ አንድ የነበረው ነጥብ ሁለት ሆኗል፤ ዘንጉ ለብቻው፣ ቀለበቱ ለብቻው። ሳህኑን ሰባብሬ ጣልኩት። ለማን ልንገር? የአምስት ዓመት ልፋቴ፣ መመረቄ ራሱ፣ የተንጠለጠለው በዚያች ቀለበት ላይ ነበር። እናቴ ደግሞ ገና ካሁኑ ዘመድ ሁሉ ጠርታ ጨርሳለች።

ጥናቴን ባቀረብኩበት ቀን፣ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ፣ ረጋ ያሉ አሮጊት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አሞቃችሁት?»

«ኧረ ምን በወጣው ይወልቃል!» አለ ጋሽ ቀለበት ከኋላ።

«እርስዎን አልጠየቅኩም። ልጄ፣ አሞቅሽው ወይ?»

«አሞቅኩት» አልኩ። «አልወለቀም።»

ፈተናውን አለፍኩ። ኮሪደሩ ላይ ጋሽ ቀለበት እየሮጠ ደረሰብኝ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

«ደብቀሽኝ አሞቅሽው አይደል? ተባረኪ! እኔ እኮ ፈርቼ ነው። እንቅልፍ አጥቼ ነበር የከረምኩት።»

አመነኝ። አምስት ዓመት ሙሉ የናቅኩት ሰው፣ ሰነፉ፣ ፈሪው፣ እንደ ሕፃን ደስ አለው። ግን እሱ አላሞቀውምና አልዋሸም። እዚያ አዳራሽ ውስጥ እያወቀ የዋሸ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ሁለት እጄን ጨብጦ «ዶክተር!» አለኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«አቤት» አልኩት።