ኦቾሎኒ ያለበት የፈንዲሻ ኳስ

ስልኩ ሲጮህ ሎሬይን ኮቫር በስኳር አጣብቃ ያድቦለቦለችውን የመጨረሻውን የፈንዲሻ ኳስ በሰም ወረቀት እየጠቀለለች ነበር። እጇ በቀለጠ ስኳር ስለተጣበቀ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መካከል አጣብቃ አነሳችው።

«ዘንድሮ ለማን አደረስሽ?» አለች ዶቲ፣ ሰላምታ እንኳ ሳታስቀድም። ዶቲ የአርባ ዓመት ጓደኛዋ ናት፤ በእሷ በኩል ያላለፈ ወሬ በከተማው እንደ ወሬ አይቆጠርም።

«አይነገርም! ሕጉ ጠፋሽ?»

ሕጉ የታወቀ ነው። በዚህች ትንሽ የአዮዋ ከተማ፣ ልጆች ሌላ መስለው የሚለብሱበት የሃሎዊን በዓል ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ቤቱ የሠራውን ጣፋጭ በከረጢት አድርጎ ጎረቤቱ ደጃፍ ያስቀምጥና ደወሉን ተጭኖ ይሮጣል። ስም አይጻፍም። ከረጢቱ የደረሰው ሰው ውስጡ ያለውን የወረቀት ጣረሞት «ደርሶኛል» ለማለት በሩ ላይ ይሰቅላል፤ እሱም በተራው ሠርቶ ለሌላ ያደርሳል።

«ለእኔ ደግሞ! ንገሪኝ እንጂ።»

«እሺ፣ ለቢጫው ቤት። ለአዲሶቹ። ዛሬ ጠዋት አራት ኳስ አስቀምጬላቸው ስሮጥ ወገቤ ሊቆረጥ።»

ዶቲ አልሳቀችም። «ከነኦቾሎኒሽ?»

«ያለ ኦቾሎኒ ቅቤ መቼ ሠርቼ አውቃለሁ? ሁለት ማንኪያ ካልገባበት ይፍረከረካል።»

«ሎሬይን፣ ልጃቸው እኮ ኦቾሎኒ አይሆንላትም። እናቷ ለአስተማሪዋ ስትነግራት ምራቴ ቆማ ሰምታለች። ብትቀምስ ጉሮሮዋ ይዘጋል ነው ያለቻት።»

ሎሬይን የያዘችውን ኳስ አስቀመጠች። «ስልካቸው አለሽ?»

«ከየት አምጥቼ! ሂጂ፣ አሁኑኑ ሂጂ!»

ሽርጧን ሳትፈታ ወጣች። ቢጫው ቤት ሦስት መንገድ ተሻግሮ ነው። ስትፈጥን ሐሳቧ ከእግሯ ቀደመ። የኦቾሎኒውን ቅቤ የምትጨምረው ስኳሩ ሲንተከተክ ነው፤ ቀልጦ ይዋሃዳል፣ ላዩን ያየ ሰው በምንም አያውቀውም። ሰዎች «ምን ብታደርጊበት ነው እንዲህ የሚጣፍጠው?» ሲሏት ፈገግ ብላ ታልፍ ነበር። ዛሬ ያ ፈገግታዋ ትዝ ሲላት መሮጥ ጀመረች።

ደጃፉ ስትደርስ ከረጢቱ የለም። በሩ ላይ የወረቀት ጣረሞቱ ተሰቅሏል።

ተከፍቷል ማለት ነው። ተበልቷል ማለት ነው።

ደወሉን ደጋግማ ተጫነች። በሩን በመዳፏ ደበደበች። መልስ የለም፤ መኪናቸውም በቦታው የለም።

«ሎሬይን! በዚህ ዕድሜሽ ማን አባርሮሽ ነው?» አሉ ከጎን ግቢ ቅጠል የሚጠርጉት ሽማግሌ፣ አቶ ሃርላን።

«እነዚህ ሰዎች የት ሄዱ?»

«ወጡ። ግማሽ ሰዓት ይሆናል። እናትየው ልጅቷን ተሸክማ፣ ስትጣደፍ በሩን እንኳ በእግሯ ነው የዘጋችው።»

«ተሸክማ?»

«አዎ፣ ታቅፋ። ምነው? ፊትሽ አመድ መሰለ እኮ!»

ሎሬይን ደረጃው ላይ ዘጭ አለች። ሆስፒታሉ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። ግማሽ ሰዓት ከሆናቸው ገና መንገድ ላይ ናቸው። ወይስ አምቡላንስ መሃል ተቀብሏቸው ይሆን? ተነሳች፤ ተመልሳ ተቀመጠች። ያኔ አንድ ሐሳብ ሹልክ ብሎ ገባ፤ ከረጢቱ ላይ ስም የለም። ከዶቲ በቀር ማንም አያውቅም፤ ዶቲ ደግሞ ለእሷ ስትል ዝም ትል ይሆናል። ወደ ቤቷ ብትመለስስ? ከልጅቷ ሕመም ይልቅ ይህ የገዛ ሐሳቧ ይበልጥ አስደነገጣት። የደረጃውን መደገፊያ ጭብጥ አድርጋ ይዛ ባለችበት ቀረች።

መኪናቸው ሲመለስ ቀና ለማለት እንኳ ፈራች። እናትየው ኪርስተን ወርዳ የኋላውን በር ከፈተችና ልጇን አቅፋ አወጣቻት። ልጅቷ ኤልሲ ከወገቧ በታች አረንጓዴ የዓሣ ጅራት ተሰፍቶላታል፤ እግሮቿ አንድ ላይ ስለታሰሩ መራመድ አትችልም። ከዋናው መንገድ የልጆች የሃሎዊን ሰልፍ መመለሳቸው ነበር።

«ምነው፣ ደህና ነዎት?» አለች ኪርስተን።

«በላች?»

«ምኑን?»

«ፈንዲሻውን። ያመጣሁት እኔ ነኝ። የኦቾሎኒ ቅቤ አለበት።»

ኪርስተን ልጇን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «አልበላችም። ማን እንደሠራው የማላውቀውን አላበላትም። እንዳለ ቆሻሻ ውስጥ ነው የጣልኩት።»

«ጣረሞቱ ግን ተሰቅሎ ሳይ...»

«ሌላ ሰው ደግሞ እንዳያመጣብኝ ነው የሰቀልኩት። ይህን ያየ ያልፈናል ብዬ።»

ሎሬይን እፎይ ልትል ስትል ኤልሲ ቀስ ብላ፣ «እማ፣ ሪባኑን ግን እኔ ወስጃለሁ» አለች።

ብርቱካናማው ሪባን ፀጉሯ ላይ ታስሯል። ሎሬይን ጠዋት የኦቾሎኒ ቅቤ በነካ እጇ የከረጢቱን አፍ ያሰረችበት ሪባን ነው።

ኪርስተን ሪባኑን በመሐረብ ይዛ ፈታችው። ልጅቷን ቤት አስገብታ እጅና ፊቷን በሳሙና አጠበች፤ ጉሮሮዋ ቢዘጋ የምትወጋትን እስክሪብቶ የመሰለ መርፌ ከቦርሳዋ አወጣችና ተመልሳ ደረጃው ላይ ልጇን ታቅፋ ተቀመጠች። «ትንሽ እንጠብቃለን» አለች ሰዓቷን እያየች። ሎሬይንን ይሂዱም ይቀመጡም አላለቻትም። ሎሬይን ቆማ የልጅቷን ከንፈር ትመለከት ጀመር። ልጅቷ በተነፈሰች ቁጥር እሷም አብራ ትተነፍሳለች።

«ጠዋት የሮጥሽው አንቺ ነሽ?» አለቻት ኤልሲ። «በመስኮት አይቼሻለሁ። እንደ ዳክዬ ነው የምትሮጪው።»

«ኤልሲ!»

«ተያት፣ እውነቷን ነው» አለች ሎሬይን፣ ዓይኗን ከልጅቷ ከንፈር ሳታነሳ።

ኤልሲ አንዴ ወገቧን አከከች። ሁለቱም ሴቶች እኩል ጎንበስ አሉ። የጅራቱ ክር ወጥቶ ነው የነካት።

ግማሽ ሰዓት ሲሞላ ኪርስተን መርፌውን ወደ ቦርሳዋ መለሰች። የልጇንም ግንባር ሳመች።

«ይቅር በይኝ» አለች ሎሬይን።

«አስበው እንዳላደረጉት አውቃለሁ። መጥተው መናገርዎም ደግ ነው። ግን ምንም አይደለም ልልዎት አልችልም።»

«አትበይ።»

«እማ» አለች ኤልሲ፣ «የሷ ፈንዲሻ ይጣፍጣል?»

ኪርስተን ወደ ሎሬይን ቀና አለች። ሎሬይን አርባ ዓመት ሙሉ የተመሰገነችው በዚሁ ፈንዲሻ ነው።

«ላንቺ አይጣፍጥም፣ የኔ ልጅ» አለቻት። ደረጃውን ወርዳ ሽርጧን እየፈታች ወደ ቤቷ አቀናች።