ለጓዴ አርባ የተጠመቀው ጠላ

«ገና ነው፤ ካህናቱ ጸሎቱን አልጨረሱም። ጥማትህን ቻል አድርገህ ጥግ ያዝ» አለችው ሐረገ ወይን፣ ደሳለኝን ከዳሱ ደጃፍ ስታየው።

«እትዬ፣ እኔ እንኳ ለጠላው አልነበረም...»

የደሳለኝን ጉሮሮ ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋልና፣ ታዲያ ለሽሮው ነው የመጣኸው ብላ ሳቀችበት። ባሏ አቶ ጓዴ ከሞቱ አርባ ቀናቸው ነው፤ ሴትዮዋ ስትስቅ የታየችው ዛሬ ገና ነበር። ሊናገር ያሰበው ነገር አፉ ውስጥ ቀረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደሳለኝ ከከተማው ዳር ባለው ኮሌጅ የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እዚያ ተማሪው ገላውንና ልብሱን የታጠበበት ውሃ አይደፋም፤ በአሸዋ ተጣርቶ ለሽንት ቤትና ለአትክልት ይመለሳል። የንፋስ መውጫ ከተማ ቧንቧ ዘጠኝ ቀን ጠብ ሳይል ሰንብቶ፣ ሐረገ ወይን ለተዝካሩ ውሃ እንደቸገራት ብታጫውተው፣ የዳሱን አቧራ ለማርጠብ መስሎት በጓሮ በኩል ከዚሁ ከኮሌጁ ውሃ ስድስት ጀሪካን ሞላላት። በቸርነቱ አይታማም፤ መጠየቅ ነው የማይሆንለት። ዛሬ ጧት ጎረቤቷ አሰለፈች ድፍድፉን የበጠበጡት በዚያ ውሃ መሆኑን ነገረችው፤ ያውም እያመሰገነች። ጠላ ደግሞ ከተበጠበጠ በኋላ እሳት አያየውም። የባሰው ነገር፣ በዚያ ሰሞን አሸዋው ሊታጠብ ወጥቶ ማጣሪያው ባዶውን ነበር።

ከዳሱ ጀርባ የሐረገ ወይን ጥጃ ተጋድማለች። ጧት አተላውን ቀምሳ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አልተነሳችም። የሰው ዓይን ነው ብለው አንገቷ ላይ ክታብ አስረውላታል። ደሳለኝ አየት አደረጋትና ፊቱን መለሰ።

አሁን ቢናገር የሴትዮዋ የዓመት ገብስ ሜዳ ላይ ሊፈስ፣ እሱም ከእንጀራው ሊፈናቀል ነው። ጸሎቱ ይለቅና እናገራለሁ አለ። አለቀ። ጠላው ይባረክና አለ። ተባረከ። ዋንጫው ከካህናቱ ወደ ሽማግሌዎቹ፣ ከሽማግሌዎቹ ወደ እናቶች ሲዞር እሱ ጣቱን ያፍተለትል ነበር። የደረሰውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ሽታው መጣ፤ ጌሾ፣ ከጌሾው ሥር ደግሞ የልብስ ሳሙና። ከጓሮ አሰለፈች ጥጃዋን እየደባበሰች በስሟ ትጠራት ነበር። ጥሪው ቆመ።

ያኔ ተነሳና መርጌታ ተክለ ማርያም እግር ሥር ተንበረከከ። ድጓ ከሚመሰከርበት ገዳም ከቤተ ልሔም የመጡ ሊቅ ናቸው፤ እሳቸው ተዉ ካሉ ዳሱ በሙሉ ዋንጫውን ያስቀምጣል። በጆሯቸው ሁሉንም ነገራቸው፤ መታጠቢያውን፣ አሸዋውን፣ ጀሪካኑን፣ ጥጃዋን።

መርጌታ ባዶ ዋንጫቸውን ወደ ብርሃኑ አዘንብለው ውስጡን አዩት።

«እኔ ደግሞ ጌሾ በዝቶበት መስሎኝ» አሉ፣ «እስክለምደው ብዬ ሦስተኛዬን ጨረስኩ።»