ስህተቱ የኔ፣ መልካሙ የሱ

ሁሪያ መርሳ ላይ ልብስ ሰፊ ናት። አንዴ የያዘችውን ነገር እንደማትለቅ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ባለፈው ዓመት አንድ ሙሽራ ሱሪው ጠበበኝ ብሎ ቢመልስላት፣ የለካችበትን ወረቀት አውጥታ ሱሪው ልክ መሆኑን፣ የጨመረው እሱ መሆኑን አሳይታ ሰደደችው። ሰርጉ ላይ የቆመው ትንፋሹን ውጦ ነበር ይባላል።

ማክሰኞ ጠዋት ወልድያ ሞላ ማተሚያ ቤት ስትደርስ፣ ሁለት መቶ መጽሐፍ በአራት ካርቶን ታሽጎ ጠበቃት። የሟች አባቷ የሼህ አብዱልሐሊም መንዙማ ነው። ሐሙስ ግራና ላይ የሼሁ ዚያራ አለ፤ መጽሐፉም ያን ዕለት ለመታሰቢያቸው ለመጣው ሰው ይታደላል። ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ልጇ ኢሕሳንም ካርቶን ልታግዛት መጥታለች።

ሁሪያ አንዱን መጽሐፍ አነሣች። የአባቷ ስም ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ቀለም ተጽፏል። ገለጥ ስታደርገው ወንድሟ ዓሪፍ ጥቁር መነጽሩን ሰክቶ ከፎቶ ውስጥ አያት፤ ከፎቶው ሥር ሦስት ገጽ መቅድም ጽፏል። ይሁን ብላ አለፈችው። ልብስ ሰፊ ሥራ የሚመረምረው ከጫፉ ነውና ወደ መጨረሻው ገለጠች። የመጨረሻው መንዙማ አለ። ከዚያ በኋላ ግን ነጭ የሽፋን ጀርባ ብቻ።

«ሞላ፣ የእናቴ ገጽ የታለች?»

«የቷ? እ፣ ያቺ በእርሳስ የተጻፈችው? ማስታወሻ ናት እኮ፣ መንዙማ አይደለችም። ስድሳ አራት ገጽ ላይ ልክክ ብሎ አለቀልኝ፤ ለሷ ስል ሌላ ወረቀት ባጥፍ አራት ገጽ ይጨምራል፣ ሦስቱ ባዶ። ዓሪፍም ተዋት ብሎኛል።»

«ዓሪፍ ሦስት ገጽ ሲያወራ ወረቀት ነበረህ።»

«እሱማ መቅድም ነዋ።»

ሁሪያ እናቷ የጻፈችበትን አሮጌ ደብተር ከጠረጴዛው አንሥታ የመጨረሻውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች።

«ይህ መንዙማ ግራና ላይ ጥቅምት 19 ቀን 1979 ተጽፎ አለቀ። የተናገረው ዓይኑ የጠፋው ሼህ አብዱልሐሊም ነው። የጻፍኩት በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ሚስቱ ዘምዘም ነኝ። ከአርባኛው ገጽ ወዲህ ቀለም አልቆብኝ በእርሳስ ነው። ልጅ ታቅፌ ስለጻፍኩ ፊደሉ ተንጋዷል። አንባቢ ሆይ፣ ስህተቱ የኔ ነው፣ መልካሙ የሱ ነው። ዱዓ አትንፈጉን።»

ፊደሉን ያንጋደደችው ልጅ ሁሪያ ራሷ ነበረች። ስለዚህ የማቃናቱ ዕዳ ሌላ ሰው ላይ አይወድቅም።

«ኮሎፎን ይባላል፣ ጋሽ ሞላ» አለች ኢሕሳን።

«የሆድ መድኃኒት ይመስላል።»

«የመጽሐፍ መዝጊያ ቃል ነው። የጻፈው እጅ ሥራውን ሲጨርስ ማን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት እንደጻፈ የሚናገርበት።»

«ታዲያ ዓሪፍ መቅድሙ ላይ እናታችንን እናመሰግናለን ብሏል እኮ። አይበቃም?»

«መቅድም ከደጃፍ ቆሞ ግቡ የሚል ነው» አለች ሁሪያ። «ምስጋናም ሌላ ሰው የሚሰጥህ ነው። እናቴ መች አመስግኑኝ አለች?»

«እሺ፣ በሚቀጥለው ኅትመት ስሟን ሽፋኑ ላይ ከሼሁ ስም ሥር አደርገዋለሁ።»

«እንዳታደርገው። ሽፋን ላይ ያለ ስም መጽሐፉ የኔ ነው ይላል። እሷ የኔ ነው ያለችው ስህተቱን ነው።»

ሞላ ራሱን አከከ። «ፊርማዋን ባስገባስ?»

«ቀለሙ የት ላይ እንዳለቀ ፊርማ ይነግርሃል?»

ኢሕሳን የታተመውን መጽሐፍ ሁለተኛ ገጽ ገልጣ ከግርጌው ያለውን አሳየችው፤ ሞላ ማተሚያ ቤት፣ ወልድያ፣ ዓመተ ምሕረቱና የስልክ ቁጥሩ። «ይሄ የእርስዎ ደግሞ የኮሎፎን ዘመድ ነው። ማን፣ የት፣ መቼ እንዳተመው ይናገራል።»

«ዘመድ ቢሆንም ጠባዩ ለየቅል ነው» አለች ሁሪያ። «ያንተ ሰው እንዲደውልልህ ነው። የሷ ዱዓ እንዲደረግላት ነው። ሞላ፣ እኔ ስፌት ስጨርስ ክሩን ካልቋጠርኩ ልብሱ ከዚያው ይተረተራል። እናቴ የቋጠረችውን ነው የቆረጥክብኝ። መጽሐፉ ውስጥ የተንጋደደ ቃል የተገኘ እንደሆነ፣ ሐሙስ ሰው ሼሁ ሳቱ ነው የሚለው። እሷ ደግሞ ቁጭ ብላ ትሰማለች።»

ሞላ ሳቅ አለና «የአባቴ ዳዊት መጨረሻ ላይም አለች» አለ። «የጻፈውንም ያስጻፈውንም ማር የምትል። ልጅ ሆኜ እሷን ሳላነብ መጽሐፉን ከዘጋሁት መምሬ ጆሮዬን ይዘው ያስከፍቱኝ ነበር። በቁራጭ ወረቀት አትሜ እለጥፍልሽ ነበር፤ ግን መብራቱ ከትናንት ጀምሮ የለም፤ መቼ እንደሚመጣም እንጃ።»

«እስክሪብቶ አለህ?»

«በእጅ? ሁለት መቶውን?»

«እናቴ ደብተሩን ሙሉ ልጅ ታቅፋ ጻፈችው። እኔ የታቀፍኩት የለኝም።»

በሩ አጠገብ ብርሃን ካለበት ወንበር ስባ ተቀመጠች። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከኋላ ገልጣ በነጩ የሽፋን ጀርባ ላይ መጻፍ ጀመረች። ኢሕሳን ካርቶኖቹን እየከፈተች ታቀብላለች፤ ሞላ ቀለሙ እንዳይጨማለቅ እያራገበ ይደረድራል። ከምሳ በኋላ ኢሕሳን «እማ፣ ቀኑን እንኳ ብናሳጥረው» ብትላት፣ ሁሪያ ቀና ብላ አየቻትና ወደ ጽሑፏ ተመለሰች። ስድሳኛው መጽሐፍ ላይ እስክሪብቶው ደረቀ። ሞላ ወደ ሱቅ እየሮጠ «አንቺም በእርሳስ ልትጨርሺው ነው» ብሎ አሾፈ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ ሁለት መቶኛው ሲያልቅ ጣቶቿ መርፌ እንኳ የሚይዙ አልሆኑም።

ሐሙስ ግራና ላይ መጽሐፉ ለእንግዳው ታደለ። የሚያነበው ዓሪፍ ነበር፣ ያለ መነጽር። መንዙማውን ጨርሶ ሊዘጋ ሲል የሽፋኑ ጀርባ ላይ የእጅ ጽሑፍ አየ። ወደ እህቱ ተመለከተ። ሁሪያ ጨርቅ ልትቆርጥ ስትል በምታይበት ዓይን አየችው። አነበበው፤ ዱዓ አትንፈጉን እስከሚለው ድረስ። ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ አሚን አለ።

ዓይናቸው የደከመው ወይዘሮ ዘምዘም መጽሐፉን ተቀብለው የሽፋኑን ጀርባ በጣታቸው ዳበሱት።

«ይሄ የእጅ ጽሑፍ ነው።»

«አዎ እማዬ።»

«እጁ የማን ነው?»

«የኔ።»

«ታዲያ ስምሽ የታለ?»

«የኔ ስም ምን ያደርጋል? ቃሉ ያንቺ ነው።»

«ቀለሙስ ምንድነው?»

«ሰማያዊ።»

«በእርሳስ ነው ያልኩትን በሰማያዊ ቀለም ጽፈሽ፣ ያየ ሰው ዘምዘም ዋሸች አይልም? ስሚኝ ልጄ። የኔን ስህተት ይኸው ተሸክሜ እዚህ ደርሻለሁ። ያንቺን አልጨምርበትም። የጻፈ ስሙን ያኑር።»

ዙሪያውን ሳቅ ሆነ። ሁሪያ ግን አልሳቀችም፤ እስክሪብቶዋን እየፈለገች ነበር። በእናቷ መጽሐፍ ላይ፣ ከዱዓው ሥር፣ «ይህን ገጽ በሰማያዊ ቀለም የገለበጥኩት ልጇ ሁሪያ ነኝ፤ የዚህ ስህተት የኔ ነው» ብላ ጻፈች። ከዚያም ቀና ብላ ግቢውን አየች። መቶ ዘጠና ዘጠኙ መጽሐፍ በሰው እጅ፣ በሰው ብብት፣ በሰው ጋቢ ውስጥ ነው። አንድ ሽማግሌ የራሳቸውን ይዘው ባጃጅ ሊሳፈሩ አንድ እግራቸውን አስገብተዋል።

«አባባ» አለች ነጠላዋን እያጣፋች፣ «አንዴ ይቆዩኝ፤ መጽሐፍዎ አላለቀም።»