የዊዳድ አርባ ግሶች

ከደሴ ኮምቦልቻ እስኪደርሱ የዊዳድ ከንፈር አላረፈም። በሚኒባሱ ውስጥ አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት ዱዓ የምታደርግ መስሏቸው በየመሀሉ «አሚን» ይሏት ነበር። እሷ ግን «ጌት አፕ፣ ጊቭ አፕ፣ ፑት ኦፍ» እያለች ነው።

እንግሊዝኛ በዚህ በኩል ክፉ ነው፤ ግሱን አወቅሁት ሲሉ ከኋላው አንዲት ቁራጭ ቃል ይለጥፍና እንግዳ ያደርገዋል። ዊዳድ እንዲህ ያሉ አርባ ግሶችን ሸምድዳለች። የልብስ ፋብሪካው ለአስተርጓሚነት ካልተቀበላት፣ ደላላው ለጅዳ ያዘጋጀው ፓስፖርት ቁም ሳጥኑ ላይ ይጠብቃታል። መሄድ አትፈልግም። ታላቅ እህቷ ፊርደውስ ሄዳ ድምጿ ከጠፋ ሰባት ወር አልፏል።

ያስጠኗት አባቷ ሼህ አብዱልባሲጥ ናቸው። የእንግሊዝኛ ፊደል አይለዩም፤ ነገር ግን ስንቱን ደረሳ ቁርአን በቃሉ ያስያዙ ሰው ናቸውና «ሒፍዝ ያው ሒፍዝ ነው፤ በቃል መያዝ ነው» አሉ። በየማለዳው ከፊታቸው አስቀምጠው፣ እየተወዛወዘች ከአንድ እስከ አርባ አስወረዷት። ከተደናቀፈች ከመጀመሪያው ነው።

ፋብሪካው ስትደርስ ፈታኙ ፈረንጅ የጠየቃት ቀላል ነገር ነበር፦ የስፌት መኪና ሲበላሽ ለአለቃሽ ምን ብለሽ ትነግሪዋለሽ? ዊዳድ መልሷን ታውቃታለች፤ ከአርባዎቹ ሃያ ሦስተኛዋ ናት። እዚያ ለመድረስ ግን ከአንደኛዋ መነሳት ነበረባት። ጀመረች፤ መወዛወዝም ጀመረች። አሥራ አንደኛዋ ላይ ፈረንጁ ሰዓቱን ሲያይ ደነገጠችና ሳተች። እንደ ልማዷ ወደ መጀመሪያው ተመለሰች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ዊዳድ የመልቀሚያ ጊዜ እንኳ አላገኘችም። ከፈረንጁ ጎን የተቀመጠው የቅጥር ክፍል ሠራተኛ አግማስ አዘነላት።

«ሰኞ ተመለሺ» አላት። «ከዚያ ወዲያ ግን የለም።»

ቤት ስትገባ ሼሁ «እንዴት ሆነልሽ ልጄ?» አሏት። ከፊታቸው ተቀምጣ አርባውንም አንድ ሳታስቀር ወረደቻቸው።

«ማሻአላህ፤ አንዲት አልሳትሽም። ታዲያ ምን ጎደለ አሉ?»

«ከመሀል ጠየቁኝ፣ አባ።»

ሼሁ በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከመሀል ሳይጠይቁ «ጨርሷል» ብለው የሸኙት ደረሳ የለም። የገዛ ልጃቸውን ግን ሳይጠይቁ ላኳት። የማያነቡትን እንዴት ይጠይቁ? ያንን መናገር አሳፍሯቸው ነበር፤ አሁንም አሳፈራቸው።

ተነሥተው ፓስፖርቱን ከቁም ሳጥኑ አወረዱና ከተቀመጡበት ስጋጃ ሥር ከተቱት።

«ቁጥር መጥራት አያቅተኝም» አሉ። «ሃያ ሦስተኛዋ?»

የዊዳድ ትከሻ መወዛወዝ ጀመረ። «ጌት አፕ፣ ጊቭ…»

አባቷ ትከሻዋን በእጃቸው ያዝ አደረጉት።

«ከአንድ አይደለም፣ ልጄ። ሃያ ሦስተኛዋ?»