ክር የታሰረበት ቢላዋ

ቢላዋው ካፖርቱ ላይ ሲያርፍ ጨርቁ ተረተር ብሎ ተቀደደ። በልምምዱ ጊዜ እንዲህ ያለ ድምፅ አልነበረም።

"ካት!" አለ ዳይሬክተሩ ባርኔጣውን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ። ገንዘብ ስለሌለ መርማሪውንም የሚጫወተው እሱ ራሱ ነው፤ ባርኔጣው ደግሞ የአባቱ ነው።

ተዋናይቷ ጎኗን ይዛ ግድግዳውን ተደገፈች። መዳፏን ስታነሳው ደም ነክቶታል፤ ጠዋት በጠርሙስ የተበጠበጠው የፊልም ደም ግን አልነበረም። ደግነቱ ቁስሉ ጭረት ነው። ካፖርቱ ወፍራም ባይሆን ኖሮ ዛሬ በፊልሙም በእውነቱም አንድ ሬሳ ይወጣ ነበር።

ዕቃ ያዥዋ ሳጥኗን ጥላ ሮጠች። የተዋናይቷ ታላቅ እህት ናት። ታናሿን አቅፋ ቀና ስትል ዓይኗ ገዳዩን የሚጫወተው ሰው ላይ አረፈ፤ ቢላዋውን እንደጨበጠ ደርቆ ቆሟል። ይህ ሰው እስካለፈው ዓመት ድረስ የእህቷ ባል ነበር። ሰሞኑን ደግሞ ሊታረቁ ነው ይባላል። እሷ እርቁን አልወደደችውም። በፍቺው ጊዜ እህቷ ስድስት ወር ስታለቅስ ያደረችው እሷ አልጋ ላይ ነው።

ለትዕይንቱ ሁለት ቢላዋ አለ። አንዱ እውነተኛ ነው፤ ዳቦ ሲቆረጥ በቅርብ ይቀረጽበታል። የሌላው ስለት ሲገፉት ወደ እጀታው ይገባል። ሁለቱ ቁርጥ አንድ ስለሆኑ ዕቃ ያዥዋ እውነተኛው እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራለች።

"ማነው የቀየረው?" አለ ዳይሬክተሩ።

መብራት የያዘው ሰውዬ ጣሪያውን አየ፤ ቀጥሎ ግን የሁሉም ዓይን እየተንሸራተተ የቀድሞው ባል ላይ ሄዶ ተከመረ። እሱም ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ወጥቶ ኮሪደሩ ውስጥ ተቀመጠ። ዕቃ ያዥዋ ይሄ ዝምታ የጥፋተኛ ዝምታ ነው አለች በሆዷ።

መዋቢያ ክፍሉ ውስጥ ቁስሉን ስታሽግላት ታናሿ እጇን ያዘቻት።

"እትዬ፣ እሱ ይመስልሻል?"

"እኔ ምን አውቄ። ቢላዋው የነበረው ግን በማን እጅ ነው?"

"አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ክር የሌለበትን ነው የሰጠሽው?"

"ክር የሌለበትን ነው የሰጠሁት።"

"በቃ፣ ፖሊስ ጋ እሄዳለሁ። አንቺም እንዲሁ ትነግሪያቸዋለሽ።"

ዕቃ ያዥዋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። ደስ አላት፤ ደስ ማለቱ ራሱ ትንሽ አስፈራት።

ወደ ሳጥኗ ተመልሳ የቀረውን ቢላዋ አወጣች። ክር የለውም። ስለቱን ስትገፋው ወደ እጀታው ገባ። የእውነተኛው ቀይ ክርስ የት ሄደ? ሰውዬው ፈትቶት ነው ማለት ነው፤ አስቦበት፣ ተዘጋጅቶበት። ማስረጃ ለማግኘት በቀጥታ አይረሴ ጋ ሄደች። አይረሴ የሚሉት የዛሬው ቀረጻ ከትናንቱ እንዳይዛነፍ ሁሉን ነገር በስልኩ ፎቶ የሚያነሳውን ሰው ነው።

"የቢላዋውን አሳየኝ። ክሩን ሲፈታ አንስተኸው ይሆናል።"

አይረሴ ስልኩን አወጣና ሳይከፍተው ቀረ።

"ክሩን የፈታሁት እኔ ነኝ።"

"ምን?"

"ጠዋት የዳቦውን ስንቀርጽ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ አይደል? ክሩ ጠቁሮ ታየ። ትናንት ቢላዋው ላይ ምንም አልነበረም፤ አልገጥም አለኝ። ክሩን ፈትቼ ቢላዋውን ሳጥንሽ ውስጥ መለስኩት። ልነግርሽ ነበር፣ ምሳ ተባለና ረሳሁት።"

ከዚያ አንድ ፎቶ አሳያት። ቢላዋውን ስታቀብል ነው፤ እጇ ብቻ ይታያል።

ያኔ ትዝ አላት። የእህቷ የቀድሞ ባል ተቀብሎ መዘን አደረገውና "ዛሬ ከበደኝ" ብሏት ነበር። እሷም "አንተን የማይከብድህ ምን አለ? ይልቅ ሥራህን ሥራ" ብላ ጀርባዋን ሰጠችው። ወትሮ ሳትሰጥ በፊት ስለቱን መዳፏ ላይ ጫን አድርጋ ትሞክር ነበር። ዛሬ አልሞከረችም። እሱ ፊት አንዲት ደቂቃ መቆም አስጠልቷታል።

"ይሄ ከታወቀ ሁለታችንም ተባረርን" አለ አይረሴ በሹክሹክታ። "ላጥፋው? ማንም አላየም። እሱም ቢሆን አልተናገረም።"

"አታጥፋው። ስልኩን ስጠኝ።"

ኮሪደሩ ውስጥ ሰውዬው አሁንም የገዳዩን ኮት እንደለበሰ ተቀምጧል። አጠገቡ ያሉት ወንበሮች ሁሉ ባዶ ናቸው።

"እየከበደህ ለምን ሠራህበት?"

"አንቺ የሰጠሽኝን ዕቃ ተጠራጥሬ አላውቅማ።"

"ሁሉም እንደዚያ ሲያይህ ለምን አልተናገርክም ታዲያ?"

ቀና ብሎ አላያትም። "ምን ብዬ? የሰጠችኝ እህትሽ ናት ልበላት? ካንቺ ሌላ ማን አላት?"

ዕቃ ያዥዋ ወደ መዋቢያ ክፍሉ ዞረች። ከውስጥ ታናሿ ለመሄድ ካፖርቷን ስትለብስ፣ ቁስሉ ሲነካባትም እህ ስትል ይሰማል።

ታላቋ በሩን ከፈተች። ስልኩን መስታወቱ ፊት አስቀመጠችው።

"ፖሊስ ጋ ሳትሄጂ ይቺን እዪ" አለች። "እጁ የኔ ነው።"