ልዩ ቅድሚያ

ዘህራ የእናቷን ሻርፕ በአውቶቡሱ መስኮት አሾልካ ከበሩ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ ጣለችው። ሻርፑ ብዙም አልቆየም። ረዳቱ ኪቲላ ከውስጥ አነሳና ጨምድዶ መልሶ ወረወረላት፤ የመናኸሪያው ጭቃ ላይ ወደቀ።

"ምን ማለትህ ነው?" ብላ ጮኸች።

"ካርድ አለዎት፣ እትዬ ዘህራ?"

"ጨርቅ ጥያለሁ እኮ!"

"በጨርቅ ቀርቷል። አሁን በካርድ ነው።"

እትዬ ማለቱንና አንቱ ማለቱን አልረሳም። አክብሮቱ እዚያው ምላሱ ላይ የሚያልቅ ዓይነት ነበር።

በመቱ መናኸሪያ ወንበር ቁጥር የለውም። ሰው ከመግባቱ በፊት ጨርቅ ይገባል። ሻርፕም ይሁን ባርኔጣ፣ ያረፈበት ወንበር ሰው እንደተቀመጠበት ይቆጠራል፤ ማንም አይነካውም። በዕድሜ የገፋ ሰው ቆሞ ከታየ ደግሞ የጨርቁ ባለቤት ራሱ ጨርቁን አንስቶ "ኮቱ፣ ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ" ይላል። ዘህራ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ጅማ ስትመላለስ የኖረችው በዚህ ሕግ ነው። ከረመዳን ወዲህ ግን የአውቶቡሱ ባለቤት "ቅድሚያ" የሚል ቀይ ካርድ አወጣ። ካርዱን የገዛ ቀድሞ ይገባል። ወንበሩ ያው ወንበር፣ መንገዱም ያው መንገድ ነው፤ የሚሸጠው መቅደሙ ብቻ ነው። መጀመሪያ አንድ ሁለት ሰው ገዛ። ከዚያ የቀረው ሕዝብ እንዳይቀደም ብሎ ገዛ። አሁን ሻይ ቤቶቹ ድረስ የተጠማዘዘው ሰልፍ የቅድሚያዎቹ ሰልፍ ሲሆን፣ በተራው ሰልፍ የቆሙት ዘህራና እናቷ ብቻ ነበሩ።

"እያቸው እስቲ፣ እማዬ! ሁሉም አንደኛ ነው። መቱ ውስጥ ሁለተኛ የሚባል ሰው ጠፋ።"

"ዝም በዪ፣ ሰው ይሰማሻል" አሏት እናቷ ወይዘሮ ጀናት፣ በምርኩዛቸው ተደግፈው።

ከሰልፉ መሐል ሰፍዋን አንገቱን አሰገገ። ከዘህራ ሱቅ ጎን ስልክ የሚሸጥ ጎረቤቷ ነው። ቀዩን ካርድ እንደ ሜዳልያ ደረቱ ላይ አንጠልጥሎታል።

"ይግዙና ይገላገሉ፣ እትዬ ዘህራ። ጊዜው ነው።"

"ከፍለህ ምን አገኘህ? ከፊትህ ስንት ሰው እንዳለ አይታይህም?"

"ሁሉም ካርድ አላቸው እኮ።"

"እሱን ነው የምልህ!"

ሰፍዋን አልገባውም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ካርዱን እያሻሸ ከሰልፉ ጋር ወደ በሩ ተገፋ።

ዘህራ ለራሷ ቢሆን እስከ ጅማ ቆማም ትሄድ ነበር። ነገሩ የእናቷ ጉልበት ነው። ወይዘሮ ጀናት በነጋታው ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አላቸው። ባለፈው ጊዜ ከኋላ ወንበር ተጣጥፈው ሄደው፣ ጅማ ሲደርሱ ጉልበታቸው እንደ ዱባ አብጦ ነበር። ሐኪሙ "ያበጠ ጉልበት አልነካም" ብሎ መለሳቸው። ይህን ቀጠሮ እስኪያገኙ ዓመት ሊሞላ ምንም አልቀረውም ነበር። ከመንገደኛው ወንበር እግር የሚያስዘረጋው ደግሞ ያ በሩ አጠገብ ያለው ብቻ ነው።

ካርደኞቹ ገብተው ወንበሩን ሁሉ ሲሞሉ ኪቲላ ወደ ዘህራ መጣና ከኪሱ ወርቃማ ካርድ አወጣ።

"አንድ መላ አለ። ልዩ ቅድሚያ ይባላል፤ ዛሬ የጀመርነው ነው። ይህን የያዘ የፈለገውን ወንበር ይመርጣል። ሰው ቢቀመጥበትም ያስነሳል።"

"ቀዩን የገዛውስ?"

"ቀዩ ለመቅደም ነው። መቀመጥ ሌላ ነው።"

የባሰ አለ አገርህን አትልቀቅ! ዘህራ ልትስቅም ልትተፋበትም ቃጣት። ዘወር ስትል እናቷ በአንድ እግራቸው ቆመው፣ ሕመማቸውን ላለማሳየት ከንፈራቸውን ነክሰዋል። ስልኳን አውጥታ ከፈለች። በዚያች ሰዓት ከካርደኞቹ ሁሉ አብልጣ የናቀችው ራሷን ነበር።

እናቷን ደግፋ ስትገባ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ አንዲት ልጅ እግር ሴት ሕፃኗን ታጠባለች። ገና አራስ ናት። ከአንገቷ ቀይ ካርድ ተንጠልጥሏል።

"ተነሺ፣ ልዩ መጥቷል" አላት ኪቲላ።

"ማሎ፣ እባክህ፣ እኔም ከፍያለሁ እኮ። ከቡሬ ነው የመጣሁት።"

"ያንቺ ቀይ ነው።"

ሴትዮዋ ሕፃኑን ከጡቷ ነጥላ ተነሳች። ሕፃኑ አለቀሰ። አውቶቡሱ ውስጥ ያለው አንደኛ ሁሉ በአንድ ጊዜ ስልኩ ውስጥ አስቸኳይ ጉዳይ ተገኘለት። ሰፍዋንም አቀርቅሮ ስልኩን ይጎረጉራል።

ወይዘሮ ጀናት አልተቀመጡም።

"ታኢ" አሏት ሴትዮዋን በኦሮምኛ፣ ትከሻዋን ይዘው ወደ ወንበሩ እየመለሷት። "ተቀመጪ ልጄ። እኔ አራስ አስነስቼ አልቀመጥም።"

"እማዬ፣ ጉልበትሽ!"

"ጉልበቱ የኔ ነው።"

"ነገም ሐኪሙ ይመልስሻል እኮ!"

"ይመልሰኛ!"

ዘህራ በእናቷ ተናደደች። በልቧ ሴትዮዋን "እንዳትቀመጪ፣ በአላህ እንዳትቀመጪ" ብላ ለመነቻት፤ ወዲያው በራሷ አፈረች። ሴትዮዋ ተቀመጠች።

"ቶሎ ወስኑ፣ ልንነሳ ነው" አለ ኪቲላ። ከደረጃው በላይ ባለችው የረዳት ወንበር ላይ ተንፈላሶ፣ እግሩን እስከ በሩ ድረስ ዘርግቶታል።

ዘህራ ያንን የተዘረጋ እግር አየችው።

"የፈለግሁትን ወንበር ነው ያልከኝ?"

"አዎ።"

"ሰው ቢኖርበትም?"

"ቢኖርበትም። ሕጉ ነው።"

"እንግዲያው ተነሣ።"

"ከየት?"

"ከተቀመጥክበት።"

"ይሄ የረዳት ነው!"

"ቲኬት ቆርጠህበታል?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ፊት ተዛመተ። ኪቲላ አውጣኝ በሚል ዓይን ወደ ሾፌሩ ዞረ። ጋሼ ኢቲቻ መስታወታቸውን እያስተካከሉ፣ "የሸጥክላቸው አንተ ነህ። ተነሣና በሩን ዝጋ" አሉት።

ኪቲላ ተነሣ። ወይዘሮ ጀናት ለእሱ አልራሩለትም፤ "ተባረክ" ብለው ተቀመጡና እግራቸውን ዘረጉ። ዘህራ ፎጣዋን አጣጥፋ ከጉልበታቸው ሥር አደረገችላቸው። አውቶቡሱ መናኸሪያውን ለቆ ወደ በደሌ መንገድ ሲታጠፍ ዘህራና ኪቲላ ሁለቱም ብረቱን ይዘው ቆመው ነበር።

ይሄኔ ሰፍዋን ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተነሳ። ፊቱ ቀልቷል።

"እትዬ ዘህራ፣ ኮቱ፣ እዚህ ይቀመጡ። እኔ እቆማለሁ።"

ወገቧ ገና ከአሁኑ ይዟት ነበር፤ ጅማ ደግሞ ሩቅ ነው። ወንበሩን አየችው፣ ከዚያም እሱን።

"ቁጭ በል፣ ሰፍዋን። የከፈልክበት ነው" አለችውና ፊቷን ወደ መንገዱ መለሰች።