ከጥናቱ የወጣው ድምፅ

ኢብቲሳም የእህቷን ሐዘን ተቀምጣ ወደ ወልድያ የተመለሰች ዕለት ላፕቶፗን ከፍታ ካቆመችበት ቀጠለች። ሌላ የምታደርገው ነገር አልመጣላትም።

የሁለተኛ ዲግሪ ጥናቷ የጤና ሠራተኞች ነፍሰ ጡሮችን በሚመዘግቡበት የስልክ መተግበሪያ ላይ ነው። በሐብሩ ጤና ኬላዎች እየዞረች ሠራተኞቹ ሲጠቀሙበት አጠገባቸው ትቀመጣለች፤ እነሱ የሚያስቡትን ጮክ ብለው ይናገራሉ፣ እሷ ትቀርጻለች። ታላቅ እህቷ ዓቢዳ በግራና ጤና ኬላ ትሠራ ስለነበር እሷንም ቀርጻታለች። ብዙም ሳይቆይ ዓቢዳ የተሳፈረችበት ሚኒባስ ውርጌሳ አጠገብ ተገለበጠ።

ኢብቲሳም ቅጂውን እያዳመጠች በጽሑፍ አሰፈረችው። ከእያንዳንዱ ንግግር ጎን እንደ ደንቡ ምድቡን ጻፈች፦ «ግራ መጋባት»፣ «ስህተት»፣ «ከርዕስ ውጭ»። እንባ አልመጣም። የማታውቃት ሴት የምታወራ ያህል ነበር።

አማካሪዋ ዶክተር ኪሩቤል ቢሯቸው አስጠሯት።

«እግዜር ያጥናሽ። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፤ የእህትሽ መረጃ ከጥናቱ ቢወጣ ይሻላል። ፈታኞቹ ዝምድናችሁ ውጤቱን አዛብቶታል ብለው ይይዙሻል።»

«እሺ፣ ዶክተር።»

«ቅር ካለሽ…»

«አላለኝም።»

አወጣችው። ትንተናውን እንደገና ሠራች። ሌሎቹም የተቸገሩት ዓቢዳ በተቸገረችበት ቦታ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ የመዘገቡት ይቀመጥ አይቀመጥ አያውቁም። ድምዳሜው ንቅንቅ አላለም። ዓቢዳ ብትኖርበትም ባትኖርበትም ያው ነበር። ኢብቲሳም ይህን አይታ ላፕቶፗን ዘጋችና ሻይ ልትጠጣ ወጣች።

ዓርብ ግራና ሄደች። እናቷ ወይዘሮ ቡርቱካን የዓቢዳ ድምፅ እሷ ዘንድ መኖሩን ሰምተው ኖሮ፣ ገና ከመቀመጧ «አሰሚኝ» አሏት።

ስልኳን ከፈተችላቸው።

«አሁን ‹መዝግብ› የሚለውን ተጫንኩ… እየዞረ ነው…» አለች ዓቢዳ። «ኢብቲ፣ ምሳ በላሽ ወይ? ፊትሽ ገርጥቷል።»

ቀጥሎ የኢብቲሳም ድምፅ፦ «የሚያስቡትን መናገር ይቀጥሉ።»

ወይዘሮ ቡርቱካን ቀና አሉ። «እህትሽን አንቱ አልሻት?»

«ለሁሉም የምለው ነው፣ እማ። አጥኚ ከተሳታፊ ጋር ወሬ አይገጥምም፤ ጥናቱ ይበላሻል።»

«በልተሽ ነበር?»

ኢብቲሳም ለማስታወስ ሞከረች። «እኔንጃ።»

«መልሺው እስቲ።»

መለሰችው። ዓቢዳ ደግማ ስትጠይቅ እናትየው ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «አልበላችም፣ የኔ ልጅ። አሁን አቀርብላታለሁ» ብለው ተነሡ።

ኢብቲሳም የቀረበላትን በላች። ጣዕሙ አልታወቃትም፤ ግን እናቷ እያዩዋት ጨረሰችው።